ምዕራፍ 6፦ ከወረዳ መዝገብ እስከ ሚሊዮን ቶን

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር ለቀቀች? ጥያቄው አንድ ነው፤ በመንግሥት ሰነዶች ውስጥ የሚገኘው መልስ ግን ሁለት ነው። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ 150 ሚሊዮን ቶን ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የተሻሻለ አገር አቀፍ የልቀት ቅነሳ ዕቅድ ደግሞ ለዚያው ዓመት 247 ሚሊዮን ቶን አስቀምጧል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያለፈ ዓመት ተመልሶ አይነድም። በዚያ ዓመት የነበረው ከብት ያው ነው፣ የተመነጠረው ደን ያው ነው፣ የተቃጠለው ናፍጣም ያው ነው። ወደ መቶ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋውን ልዩነት ያመጣው የአቆጣጠሩ መንገድ ነው። የትኛው መሬት ተካተተ፣ ከየትኛው ምንጭ መረጃ ተወሰደ፣ ጋዙ በምን ተባዛ፤ እያንዳንዱ ምርጫ ድምሩን ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል። ስለዚህ አንድ የልቀት ቁጥር በእጃችን ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ብዛቱን ወይም ማነሱን አይደለም፤ እንዴት እንደተሠራ ነው። ይህ ምዕራፍ አንድ ክልል የራሱን የልቀት ቆጠራ ለመሥራት ቢነሣ ከየት እንደሚጀምር፣ የት የት እንደሚፈተንና ምን እንደሚያተርፍ ያሳያል። ለምሳሌ የምንይዘው በአብዛኛው አማራ ክልልን ነው፤ ድንበር ሲያስገድደን ወደ ጎረቤቶቹ እንሻገራለን።

ለምን ክልል? አገር አቀፉ ቁጥር አይበቃም ወይ? አይበቃም። የ2011 ስትራቴጂ ራሱ ከ150 ሚሊዮን ቶኑ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚመጣው ከግብርናና ከደን መሆኑን አስፍሯል። የቤት እንስሳት ብቻ 65 ሚሊዮን ቶን፣ ደን 55 ሚሊዮን ቶን፣ ሰብል 12 ሚሊዮን ቶን። ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ሕንፃዎች እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ገደማ ናቸው። መሬትን የሚያስተዳድሩት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚያሰማሩት፣ ደን የሚጠብቁት ደግሞ ክልሎች ናቸው። ልቀቱ ያለው በክልሎቹ እጅ ባለው ሥራ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩ በአዲስ አበባ ብቻ ከተያዘ፣ ለባሕር ዳሩ የግብርና ቢሮ ምን እንዲያደርግ የሚነግረው ነገር የለም። ገንዘብም አለበት፦ በ2023 የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመው ስምምነት ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ለሚቀንስና ለሚረጋገጥ ልቀት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። ቀነሰ ለማለት አስቀድሞ ስንት እንደነበር በአሳማኝ መንገድ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስሌቱ በመሠረቱ አንድ መስመር ነው። ስንት ከብት፣ ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ኩንታል ዩሪያ፣ ስንት ሄክታር የተመነጠረ ደን የሚለው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ባለሙያዎቹ የተግባር መረጃ ይሉታል። ከእያንዳንዱ ከብት ወይም ከእያንዳንዱ ሊትር ስንት ኪሎ ጋዝ እንደሚወጣ የሚናገረው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ የልቀት ማባዣ እንበለው። ሁለቱ ይባዛሉ፣ ውጤቶቹ ይደመራሉ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ፈሳሽ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ የሚሆን ጋዝ ማውጣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ካርቦኑ ከነዳጁ ነው፣ ኦክስጅኑ ግን ከአየር የተወሰደ ነው።

ማባዣዎቹን የሚያቀርበው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል (አይፒሲሲ) በ2006 ያወጣው መመሪያ ነው፤ በ2019 ማሻሻያ ተደርጎለታል። መመሪያው ሦስት የአሠራር ደረጃዎች አሉት። በደረጃ አንድ ለአህጉር በሙሉ የተዘጋጀ አማካይ ማባዣ ይወሰዳል። በደረጃ ሁለት አገሩ ወይም ክልሉ የራሱን ማባዣ ያወጣል። ደረጃ ሦስት ተከታታይ ልኬትና የኮምፒውተር ሞዴል ይጠይቃል። አብዛኛው የክልል ቆጠራ በደረጃ አንድ ይጀምራል፤ ነውርም የለበትም። ችግሩ እዚያው ሲቀር ነው፤ ለምን እንደሆነ ከብቶቹ ጋር ስንደርስ እናየዋለን።

ከመባዛቱ በፊት ግን ድንበር መሰመር አለበት። የክልል ድንበር ለአስተዳደር እንጂ ለጋዝ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ነዳጅ በአንድ ክልል ተቀድቶ በሌላው ይነድዳል። ሲሚንቶ በሙገር ተፈልፍሎና ተቃጥሎ በአዲስ አበባ ሕንፃ ይሆናል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በ2016 ለጥቂት ወራት ኦሮሚያ ውስጥ በሚገኘው ሰንዳፋ ይጣል ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው ቆመ። እዚያ የተቀበረው ቆሻሻ የሚያወጣው ሚቴን የማን ነው? ለከተሞችና ለክልሎች በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ የአቆጣጠር ደንብ መልሱን በሦስት ክበብ ይከፍለዋል። በድንበሩ ውስጥ የሚወጣ ልቀት አንደኛው ክበብ ነው። ከውጭ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ምክንያት የሚወጣው ሁለተኛው ነው። በነዋሪዎቹ ምክንያት ከድንበሩ ውጭ የሚወጣው ሦስተኛው ነው። የሰንዳፋው ሚቴን በኦሮሚያ መዝገብ አንደኛ ክበብ፣ በአዲስ አበባ መዝገብ ሦስተኛ ክበብ ውስጥ ይጻፋል። ሁለቱን መዝገቦች ደምሮ የአገር ቁጥር አገኘሁ የሚል ሰው ግን አንዱን ጋዝ ሁለት ጊዜ ቆጥሯል፤ የሚደመረው አንደኛው ክበብ ብቻ ነው።

ድንበሩ ራሱ ሲለወጥስ? ሲዳማ በ2020 ክልል ሆነ። በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በ2023 ቀሪው ደቡብ ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፈለ። ከእነዚህ አንዱ መነሻ ዓመቱን 2010 ማድረግ ቢፈልግ በዚያን ጊዜ በስሙ የተሰበሰበ አንድም መረጃ አያገኝም። ማድረግ ያለበት ወደ ዞንና ወረዳ ሠንጠረዦች ወርዶ ከታች ወደ ላይ መደመር ነው። የወረዳው ሠንጠረዥ ከተቀመጠ ክልሉ የፈለገውን ያህል ቢከፈል ቁጥሩ መልሶ ይገጠማል። ካልተቀመጠ ደግሞ የሚቀረው በሕዝብ ብዛት ማካፈል ነው፤ እሱም የሚያስቸግር ነው፣ ምክንያቱም በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የማገዶ ፍጆታ፣ የደረቅ ቆሻሻ መጠን፣ የመፀዳጃ ጉድጓድ ሚቴን፣ ሁሉም በዚያ ትንበያ ላይ ቆመዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ በሬና ላም። የሚያመነዥክ እንስሳ የበላውን ድርቆሽና ገለባ በጨጓራው ውስጥ የሚያፈርሱለት ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴን ያመነጫሉ፤ እንስሳውም በአብዛኛው ሲያገሳ ያወጣዋል። በአይፒሲሲ ደረጃ አንድ ሠንጠረዥ ለአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ፣ ለሌላው ከብት 31 ኪሎ ሚቴን ተመድቧል። በግ ወይም ፍየል 5 ኪሎ፣ ግመል 46 ኪሎ፣ አህያና በቅሎ 10 ኪሎ ናቸው። አንድ ሚሊዮን ቶን ሚቴን ግን ከአንድ ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል አያሞቅም። ሁሉንም በአንድ መለኪያ ለመደመር የየጋዙ የማሞቅ ኃይል በመቶ ዓመት ስሌት ይወሰዳል። በአይፒሲሲ አምስተኛ ሪፖርት መሠረት ሚቴን በ28፣ ናይትረስ ኦክሳይድ በ265 ይባዛል። በቀድሞዎቹ ሪፖርቶች የሚቴን ቁጥር 21፣ በኋላም 25 ነበር።

ይህ ትንሽ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ እንመልከት። አንድ ክልል ለስሌት እንዲመች 10 ሚሊዮን ከብት አለው እንበል። በ31 ኪሎ ሲባዛ 310 ሺህ ቶን ሚቴን ይሆናል። በ21 ካባዛነው 6.5 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ፣ በ28 ካባዛነው 8.7 ሚሊዮን ቶን። አንዲት ጥጃ ሳትወለድ ልቀቱ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ አደገ። አንድ ቢሮ የ2005ቱን መዝገብ በአሮጌው፣ የ2020ውን በአዲሱ ማባዣ አስልቶ ከብቶቻችን ልቀት ጨመሩ ቢል ስሕተቱ በከብቶቹ ላይ አይደለም። ለዚህ ነው ማባዣ በተለወጠ ቁጥር ያለፉት ዓመታት ሁሉ ተመልሰው መሰላት ያለባቸው።

ደረጃ አንድ ከዚህ የከፋ ድክመት አለው፦ የሚያየው ራስ ብቻ ነው። የጎጃም እርሻ በሬና የቦረና በሬ በእሱ ዘንድ እኩል ናቸው። ገበሬው መኖውን ቢያሻሽል፣ የከብቱን በሽታ ቢቀንስ፣ ጊደሯ ቶሎ ብትወልድ፣ ደረጃ አንድ ምንም አይሰማውም። የተዳቀለች ላም ከአገሬው ላም የበለጠ ትበላለች፣ የበለጠ ሚቴንም ታወጣለች፤ በአንድ ሊትር ወተት ሲሰላ ግን ልቀቷ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህንን ማየት የሚቻለው ከደረጃ ሁለት ጀምሮ ነው። ደረጃ ሁለት የእንስሳውን ክብደት፣ የወተት መጠን፣ የመኖውን ተፈጪነት ይጠይቃል። የበላው ጉልበት ምን ያህሉ ወደ ሚቴን እንደሚሄድም ያሰላል፤ በግጦሽና በገለባ ለሚኖር ከብት የ2006ቱ መመሪያ 6.5 በመቶ ይመድባል። ክልል ለከብት እርባታ የሚያወጣው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ፍሬው እንዲታይ ከፈለገ ከደረጃ አንድ መውጣት አለበት። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ሥራውን የማያሳይ መዝገብ የሠራውን ሰው ተስፋ ያስቆርጣል።

በደረጃ ሁለት ቀመር ውስጥ ለደጋው ገበሬ የተጻፈ የሚመስል አንድ መስመር አለ፤ የሥራ ጉልበት ይባላል። እንስሳው በቀን ለሚሠራው እያንዳንዱ ሰዓት፣ ቆሞ ለመኖር ከሚያስፈልገው ጉልበት ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል። አንድ በሬ በዓመት 60 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት አረሰ እንበል። 360 ሰዓት ማለት ነው፤ በ365 ቀን ሲካፈል በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል። እናም የዚያ በሬ የመኖሪያ ጉልበት በ10 በመቶ ያድጋል፣ መኖው ያድጋል፣ ሚቴኑም ይከተላል። ይህን ለማስላት በሬው ስንት ቀን እንደሚጠመድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሞፈርና ቀንበር የሚጠመድባቸውን ቀኖች ለመቁጠር ደግሞ ከገበሬውና ከቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የተሻለ ሰው የለም። የበሬውን ክብደት ለማግኘትም ሚዛን አያስፈልግም፤ የደረቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ይገመታል።

ፍጉንም መርሳት አይገባም። በረት ውስጥ ተከምሮ የሚቀር፣ በማሳ ላይ የሚበተን፣ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ የሚገባ፣ እያንዳንዱ በተለየ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። የደጋው ፍግ ብዙው ወደ ኩበት የሚሄድ በመሆኑ በግብርናው ስር የሚጻፈው ያንሳል፤ በምድጃ ሲነድ የሚወጣው ሚቴን ወደ ኃይል ዘርፍ ይዛወራል።

ማገዶና ከሰል ከሁሉ የሚያወዛግበው ርዕስ ነው። አንድ ጆንያ ከሰል በአዲስ አበባ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል ዘርፍ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ለመረጃ ያህል ጎን ላይ ይመዘገባል። እንጨቱ ሲቆረጥ ያለቀው ካርቦን በመሬት ዘርፍ ተቆጥሯልና ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ግን በኃይል ዘርፍ ይገባሉ። ይህ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። መሬቱ ላይ ግን እንጨቱ ከየት መጣ የሚለውን ካልመለስን የመሬቱ ዘርፍም ባዶ ይሆናል፣ ካርቦኑም በሁለቱ መካከል ይጠፋል።

የአዊ ዞንን እንውሰድ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ወረዳዎች ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳሉ፤ ዛፉ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ይቆረጥና ከሰል ሆኖ ወደ ከተማ ይጫናል። ከዚያ እንደገና ይተከላል። የዚህ ከሰል ካርቦን ትናንት ከአየር የተወሰደ፣ ነገም በሚተከለው ዛፍ የሚመለስ ነው። ከቆላ የተፈጥሮ ጫካ የተቆረጠ፣ የሚተካውም ችግኝ የሌለ ዛፍ ከሰል ግን የክምችት መቀነስ ነው። ሁለቱ ጆንያዎች በገበያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን አንዱ ከዜሮ አጠገብ፣ ሌላው ሙሉ ልቀት ነው። በባህላዊው አከሳሰል ለአንድ ኪሎ ከሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ስለሚሄድ ምንጩን ማሳሳት ስሕተቱን አባዝቶ ያመጣዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአዊን ዲከረንስ የዝገት በሽታ መትቶታል። የደረቀው ዛፍ በጅምላ ሲቆረጥና ገበሬው ሌላ ሰብል ሲዘራ፣ ለዓመታት የተመጣጠነው ሒሳብ ይዛባል፤ ይህንን ለውጥ በየዓመቱ የሚከታተል ሰው ከሌለ የክልሉ መዝገብ የነበረውን ሚዛን እንዳለ ይገለብጣል።

ደን ምን እንደሆነ መወሰንም ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው የደን ልቀት መነሻ ሰነድ ደንን የምትተረጉመው ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዘውድ ሽፋን ያለው ብላ ነው። ቀድሞ ትከተለው በነበረው ዓለም አቀፍ ፍቺ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ሽፋኑ 10 በመቶ ነበር። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ሲወርድ የመተማና የቋራ ቆላ ቁጥቋጦና ዝቅተኛ ዛፎች ደን ይባሉ ዘንድ በሩ ተከፈተ፤ ስለዚህ ሲመነጠሩም ልቀት ሆነው ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል በጎጃም ገበሬ ማሳ ጠርዝ ላይ በረድፍ የቆመ ባሕር ዛፍ ግማሽ ሄክታር ካልሞላ ደን አይደለም፤ ካርቦኑን ለመያዝ በእርሻ መሬት ዛፎች ስር መቁጠር ይኖርብናል። የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙዎቹ የጥቂት ሄክታር ናቸው፣ መመዘኛውን ያልፋሉ። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው የሳተላይት ምስል አንድ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ ግማሽ ሄክታር ማለት አምስት ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። ከእነዚያ ሁለቱን ማሳሳት አንድን ትንሽ ደን ከመዝገብ ያጠፋል።

ያው የ2016ቱ ሰነድ ከ2000 እስከ 2013 በዓመት ወደ 92 ሺህ ሄክታር ደን መጥፋቱን፣ ከዚህም 18 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣቱን ያስቀምጣል። የ2011ዱ ስትራቴጂ ግን ለደን 55 ሚሊዮን ቶን ነበር የሰጠው። ግማሽ ያህሉ ለእርሻ ከሚመነጠር ደን፣ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ደግሞ ከማገዶ ነበር። የ2016ቱ ሰነድ ሙሉ በሙሉ የጠፋውን ደን ብቻ ሲቆጥር፣ በማገዶ እየሳሳ የሚሄደውን ትቶታል። ሁለቱን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የደን ልቀት በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ከባድ ስሕተት ነው። ስለ ችግኝም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የልቀት ቆጠራ ግን ችግኝ አይቆጥርም። የሚጠይቀው ከሦስት ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ሄክታር ጸድቆ ቆመ፣ በዓመት ስንት ቶን እንጨት ጨመረ የሚለውን ነው።

ከሰብል ወገን ፎገራን ማንሣት ይገባል፤ ሩዝ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ሚቴን ስለሚያስወጣ ነው። መመሪያው ያለማቋረጥ በውሃ ለተሸፈነ የሩዝ ማሳ በሄክታር በቀን 1.30 ኪሎ ሚቴን ይመድባል። ሰብሉ 120 ቀን ቢቆይ 156 ኪሎ ይሆናል። ፎገራ ላይ ግን ሩዙ በአብዛኛው በዝናብ ነው፤ ለእንደዚህ ያለው ማሳ 0.28 ይባዛበታል፣ 44 ኪሎ ይቀራል። ማሳው ከመዘራቱ በፊት ከ180 ቀን በላይ ደርቆ ከቆየ ደግሞ 0.68 ይገባል፤ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አንድ ሄክታር የዝናብ ሩዝ ከአንድ በሬ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ሦስቱን ማባዣ ሳይመረምር የመጀመሪያውን ብቻ የወሰደ ባለሙያ የፎገራን ሩዝ በአምስት እጥፍ ያከብደዋል።

ማዳበሪያ ከሁሉም የተሻለ መረጃ አለው፣ በዩኒየንና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በኩንታል ስለሚከፋፈል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ከዚህ 1 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ ቢወጣ 0.72 ኪሎ ጋዝ፣ በ265 ሲባዛ 192 ኪሎ ይሆናል። ዩሪያው አፈር ላይ ሲፈርስ ራሱ የሚለቀው 73 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲታከል ድምሩ 265 ኪሎ ገደማ ነው። ኩንታሉ በትክክል ተቆጥሯል፤ ነገር ግን ያ 1 በመቶ የሚባለው ማባዣ በመመሪያው ውስጥ ከ0.3 እስከ 3 በመቶ ሊሆን እንደሚችል ተጽፎለታል።

ፋብሪካና ነዳጅ በንጽጽር ቀላል ናቸው። ለሲሚንቶ የሚያስፈልገው የክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ፣ ቶን ነው፤ ከአንድ ቶን ክሊንከር የኖራ ድንጋዩ ብቻ 0.52 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ የምድጃው ድንጋይ ከሰል ለብቻው ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ቁጥር አይበቃም፤ ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ (ኦፒሲ) ከሞላ ጎደል ክሊንከር ሲሆን በተቀላቀለው (ፒፒሲ) ውስጥ ግን ብዙ ፑሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጨምሯል። በ2024 በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ለአማራ ክልል የኢንዱስትሪ መስመር ምን እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም፤ አንድ ሚሊዮን ቶን ክሊንከር ቢያመርት ከድንጋዩ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በላይ ይጨምራል። ነዳጅ በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ አገር አቀፍ ድምሩ የታወቀ ነው፤ ክልሉ የሚያስፈልገው የማደያዎቹ የሽያጭ መዝገብ ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመጣ ሁለተኛው ክበብ ትንሽ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ቆጣሪውን የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠር ነው። የግብርና ቢሮ ሪፖርት የ2012 ምርት ዘመን ይላል፤ የ2012 መኸር ግን የታጨደው በአውሮፓ 2019 መገባደጃ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ይሄዳል። የልቀት ቆጠራ ዓመቱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በአውሮፓ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ካልተጻፈ መረጃው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊንሸራተት ይችላል። በመስፈሪያም እንዲሁ ነው። ገበሬው ጥማድ ይላል፣ ማገዶ ሻጯ ሸክም ትላለች፣ ከሰል ነጋዴው ጆንያ ይላል። ሸክሙም ጆንያውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወደ ሄክታርና ወደ ኪሎ ሲመነዘሩ የምንዛሪው ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደመዘነውና የት እንደመዘነው አብሮ መጻፍ አለበት። የዕድር ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ብር አጠገብ ማን እንደከፈለና መቼ እንደከፈለ እንደሚጽፍ፣ ከእያንዳንዱ ቶን አጠገብም ምንጩ መስፈር ይገባዋል።

ባዶ ሣጥንም ትርጉም አለው። ዓለም አቀፉ ደንብ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ እንዲቀር አይፈቅድም። በክልሉ ውስጥ ያ ሥራ ከሌለ የለም ተብሎ ይጻፋል። ልቀቱ እያለ መረጃ ከጠፋ አልተገመተም ይባላል። በሌላ መስመር ገብቶ ከሆነ ሌላ ቦታ ተካቷል ይባላል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ያልገባበት ወረዳ ላይ ዜሮ መጻፍ ከብቱ አልቋል ማለት ነው። የባለፈውን ዓመት ቁጥር መድገም ደግሞ ምንም አልሆነም ማለት ነው። ሁለቱም እውነት አይደሉም። መመሪያው እንዲህ ያለውን ክፍተት ከሌላ ተዛማጅ መረጃ፣ ለምሳሌ ከክትባት መዝገብ ወይም ከአጎራባች ወረዳ አዝማሚያ፣ መገመትን ይፈቅዳል፤ ግምት መሆኑ ከተጻፈ። ለእንስሳት ሚቴን የደረጃ አንድ ማባዣ ብቻውን ከ30 እስከ 50 በመቶ ወዲህና ወዲያ ሊሄድ ይችላል። ይህንን በግልጽ የሚያስቀምጥ ክልል መዝገቡን አላዋረደም፤ እንዲያውም ቀጥሎ የት መሥራት እንዳለበት ነግሮናል። ከድምሩ 95 በመቶውን የሚይዙት ምንጮች ተለይተው በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ ጥረቱና ገንዘቡ ወደ እነርሱ ይሄዳል።

ለአማራ ክልል በዚያ ዝርዝር አናት ላይ ከብት፣ ማገዶና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ እንደሚገኙ መጠበቅ ይቻላል። የማሻሻያው ሥራም ውድ አይደለም። በየአግሮ ሥነ ምህዳሩ የተወሰኑ ቀበሌዎች ተመርጠው የበሬና የላም ደረት በሜትር ይለካል፣ የእርሻ ቀኖች ይመዘገባሉ፣ የገለባና የድርቆሽ ናሙና ለተፈጪነት ምርመራ ይላካል። በከሰል ኬላዎች ላይ ጆንያው ይመዘናል፣ ዲከረንስ ይሁን የቆላ ዛፍ ይጠየቃል። የወረዳ ሠንጠረዦች በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ተጽፈው በአንድ ቦታ ይከማቻሉ፤ ባለሙያው ሲዛወር ኮምፒውተሩን ይዞ እንዳይሄድ። በፓሪሱ ስምምነት አገሮች በየሁለት ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 2024 ነበር፣ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ የቀሩ አገሮችና ትናንሽ የደሴት አገሮች ግን እንደ ፈቃዳቸው እንዲያቀርቡ ተፈቅዷል። ክልሉ የከብት ልኬቱን በአንድ የበጋ ወቅትና በአንድ ክረምት ከሠራ፣ ለሚቀጥለው ዙር የራሱን የበሬ ማባዣ ይዞ መቅረብ ይችላል።